እሳት ያልነካው ምሳዬ

ትዳር የሚያፈርሰው መጠጥ ነው፣ ቅናት ነው፣ የአማት ምላስ ነው የሚሏችሁን አትስሟቸው። ትዳር የሚያፈርሰው ጥሬ ሽንኩርት ነው! ትስቃላችሁ? ሳቁ፤ እኔ ግን ገና ሳላገባ ልፈታ የነበርሁ ሰው ነኝና የምናገረውን አውቃለሁ።

ነገሩ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ለጋ አስተማሪ ሆኜ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ተመድቤ ነበር። ወሩ መጋቢት፣ ጾሙ ሁዳዴ። ለዳግም ትንሣኤ ደግሞ የግራዝማች አድማሴን ልጅ፣ የሻረግን፣ ላገባ በሽማግሌ ቃል ታስሯል። የቀረኝ ነገር ቢኖር ጾሙን በሰላም መጨረስ ብቻ ነው። ምን ያደርጋል... ሙቀቱ መጣ!

ንፋስ መውጫ ያሉት የሥራ ባልደረቦቼ ጋቢ ደርበው ሲንቀጠቀጡ፣ እኔ በተከራየኋት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንደ ቆሎ እታመሳለሁ። አከራዬ እትዬ ደብሬ ደግ ሴት ናቸው፤ ደግነታቸው ግን ይፋጃል። ቅዳሴ ወጥቶ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሚንተከተክ ሽሮ ፊቴ ያስቀምጣሉ።

«ብላ ልጄ፣ ሳይበርድ!»

እኔ የምለምነው እንዲበርድ ነው እንጂ!

አንድ ቀን ታከተኝና ማሠልጠኛ ሳለሁ የተማርሁት ምሳ ትዝ አለኝ፤ ሳንድዊች። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፣ ድስት የለ። ከትምህርት ቤቱ ጓሮ ቲማቲምና ሰላጣ ቀጠፍሁ፤ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሎሚ ከገበያ ገዛሁ። ዳቦውን ለሁለት ሰንጥቄ ውስጡን የኑግ ዘይት ቀባሁት። ሰላጣውን አነጠፍሁ፣ ቲማቲሙን በስሱ ቆርጬ ደረደርሁ፣ ሽንኩርቱን ከላዩ ከመርሁት። ቃሪያ፣ ጨው፣ ሎሚ ጨመቅ ጨመቅ... ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከውኃው እንስራ ሥር አስቀመጥሁት። ሽንኩርቱን ምነው አበዛኸው እንዳትሉኝ፤ እወዳለሁ! የአገራችን ሽንኩርት ደግሞ ስታዩት ትንሽ ነው፣ ተንኮሉ ነው ትልቅ።

እትዬ ደብሬ ደረሱብኝ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምሳዬ።»

«እሳት ሳይነካው?»

«ሳይነካው።»

«በስመአብ! ማገዶ አጥታ እንግዳዋን ቅጠል አበላችው ልባል?»

«ሙቀቱ ነው እትዬ...»

አልሰሙኝም፤ እያጉረመረሙ ሄዱ። እኔም ሰዓቱ ሲደርስ ከደጅ ጥላ ሥር ተቀምጬ ገመጥሁ። አቤት ቅዝቃዜው! ሆዴ ውስጥ ምንጭ የፈለቀ መሰለኝ። ዳሩ ምን ዋጋ አለው፣ ሽንኩርቱና ቃሪያው ተባብረው ዓይኔን አነደዱት። እየገመጥሁ አለቅሳለሁ፣ እያለቀስሁ እገምጣለሁ። በማግስቱም እንዲሁ፤ ከዚያም በኋላ በየቀኑ እንዲሁ።

እስቲ እናንተው ፍረዱ። በእኛ አገር በሁዳዴ እሳት ያልነካው ነገር ብቻ የሚቀምስ፣ እሱንም በእንባ እያራሰ የሚበላ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ዓለም በቃኝ ያለ፣ ሊመንን የተሰናዳ ነዋ! እትዬ ደብሬ ለካ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያዩኝ ሰንብተው ያዩትን ለደብሩ ሴቶች ሁሉ አዳርሰውታል።

እኔ በምን ልወቅ? ብቻ አንድ ቀን «ብላ ልጄ» ማለት ቀረና «ይባርኩን» መጣ። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አስተካክለው እጅ ይነሡኛል። ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ «በጸሎትዎ አይርሱኝ» ብላ በላይ በላዩ ትመርቅልኛለች። እኔም፣ አቤት ይህ ሕዝብ ለአስተማሪ ያለው ክብር ብዬ ደረቴን ነፋሁ!

ጉዱ የፈላው ልጅቱን የጠየቁልኝ ሽማግሌ፣ አያ ካሴ፣ የመጡ ዕለት ነው።

«ግራዝማች ቃላቸውን አነሡ» አሉኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ጽድቅህ ነው የበዛባቸው። ድሬለት ሳበቃ ጥሏት ዋልድባ ቢገባስ አሉ።»

«ኧረ አያ ካሴ፣ እኔ ሽንኩርት ነው የበላሁት!»

«እያለቀስህ።»

«ሽንኩርት ስለሆነ ነዋ!»

«አይ ትሕትና! የእውነት ጻድቅ እንዲህ ነው፣ ይደብቃል» አሉና ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ።

የሻረግን ያየኋት ጥምቀት ላይ፣ ያውም በሩቁ ነው፤ ድምጿን እንኳ አልሰማሁም። ግን ወድጃታለሁ፤ ያን ዓይን አይቶ የሚመንን ሰው ካለ እሱ በእውነት ጻድቅ ነው! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርሁና በነገታው ሳንድዊቼን ጠቅልዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ ግራዝማች ቤት ገባሁ። እጩ ሙሽራ ሳይጠራ አማቱ ቤት መሄዱ ነውር እንደሆነ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ቸግሮኝ ነው።

ግራዝማች ከመደባቸው ብድግ አሉልኝ። አማት ለአማቹ ብድግ ሲል ነገር መበላሸቱን እወቁ።

«አባታችን፣ ምነው ደከሙ?»

«ግራዝማች፣ አባታችን አይበሉኝ! እኔ የምፈልገው ልጅዎን እንጂ ገዳም አይደለም። ይኼ ምናኔ አይደለም፣ ምሳ ነው። እባክዎ ይቅመሱት!»

እየተጠራጠሩ ገመጡ። አላመጡ። ደገሙት። ሊሠልሱት ሲሉ ቃሪያው አገኛቸው። አገር የሚፈራው ፊታቸው በርበሬ መሰለ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። ሊናገሩ አፋቸውን ቢከፍቱ ትንፋሽ እንጂ ቃል አልወጣም። በዚያው ቅጽበት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩነሽ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ገቡ። ባላቸው ጥሬ ቅጠል ይዘው ያለቅሳሉ፤ ፊት ለፊታቸው እኔ ቆሜያለሁ።

«እሪ በሉ! ልጄን ቢተውልኝ ባሌን ይዞ ሊመንን!»

ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሳቅ ፈነዳ። የታጨች ልጅ ከጓዳ አትወጣም፤ የሻረግ ግን ወጣች። ከአባቷ እጅ ቆርሳ ጎረሠች። ያ ዓይን እንባ አቀረረ፤ እሷ ግን ትስቃለች።

«እማየ፣ ዝም በይ፤ ሽንኩርቱ ነው። እንዲህ የሚጥም እየበሉ ደግሞ ምን ጽድቅ አለ!»

ግራዝማች እንደ ምንም ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«እውነቷን ነው። ይኼማ ሆዳምነት ነው» አሉ፤ የቀረውንም ሳይመልሱልኝ ጨረሱት። «ሆዳም ደግሞ አይመንንም። ሠርጉ እንዳለ ነው።»

በዳግም ትንሣኤ ተጋባን። እትዬ ደብሬ ብቻ በሠርጉ ላይ ሥጋ ስቆርጥ አይተው «ወይኔ ልጄን፣ ዓለም አሸነፈችው!» ብለው አለቀሱልኝ። የእሳቸው እንባ ያለ ሽንኩርት ነው።

ዛሬ አርጅተናል። የሻረግ ስትቆጣኝ አትጮህም፣ እሳትም አታነድም። ዳቦና አንድ ራስ ሽንኩርት ፊቴ ታስቀምጥና «በሉ አባታችን፣ ሱባኤዎን ይያዙ» ትለኛለች። እኔም ደጅ ወጥቼ እገምጣለሁ። እንባዬ መውረዱ አይቀርም... ጎረቤት ከጠየቃችሁ፣ አደራ፣ ሽንኩርቱ ነው በሉልኝ!