ፍሬን የሌላት ቢስክሌትና የአቶ ሀንዲሶ ሰላምታ

እኛ ዘንድ ሰላምታ የአፍ ሥራ ብቻ አይደለም። ባርኔጣ ይወልቃል፣ ወገብ ይጎነበሳል፣ ጋቢ ከትከሻ ዝቅ ይላል፣ ከሁሉም በላይ ግን እግር ይቆማል። በቅሎ ላይ ያለ፣ ሽማግሌ ሲያይ ይወርዳል፤ ፈረስ ላይ ያለም እንዲሁ። መኪና ላይ ያለ ብቻ አይወርድም፤ እሱንም ማንም አይቀየመውም፤ ምክንያቱም እኔ በማወራችሁ በጃንሆይ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ መኪና ላይ የተቀመጠ ሰው ወይ ሹም ነው ወይ የሹም እንግዳ፣ ሹም ደግሞ ሰላም የሚባል እንጂ ሰላም የሚል አልነበረም። ሥርዓቱ እንዲህ ተደላድሎ ተቀምጦ ሳለ ነው ቢስክሌት የመጣችብን።

ቢስክሌት ከማን ወገን ናት? ከበቅሎ ወይስ ከመኪና? ሳቃችሁን ያዙልኝ፤ ትልልቅ ሰዎች ገበያው ዳር ተቀምጠው የተከራከሩበት ጉዳይ ነው። አንዱ ሣር አትበላምና መኪና ናት ሲል፣ ሌላው ቤንዚንም አትጠጣም ብሎ መለሰለት። በመጨረሻ አንድ አስተዋይ አዛውንት፣ ሰው አንፈራጦ የሚቀመጥበት ነገር ሁሉ በቅሎ ነው ብለው ፈረዱ። ይግባኝ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በከተማችን ያሉት ሰባት ቢስክሌቶች በቅሎዎች ሆኑ፤ ጋላቢዎቻቸውም ሽማግሌ ባዩ ቁጥር ፍሬናቸውን እየያዙ ይወርዱ ጀመር።

ስድስቱ ማለቴ ነው። ሰባተኛዋ ፍሬን አልነበራትም።

ሰባተኛዋ የኤርሲዶ ነበረች። ኤርሲዶ የክሊኒኩ ድሬሰር ነው፤ መርፌና ፋሻውን በቆዳ ቦርሳ ይዞ በየገጠሩ ሲዞር የሚውል፣ ቀጭን፣ ሲበዛ ትሑት ልጅ። እኔ በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበርኩ፤ አባቴ ከሰሜን በሥራ የመጣ ሰው ቢሆንም እኔ ሆሳዕና ተወልጄ ሀዲይኛውንም አማርኛውንም እኩል ስለምናገር፣ ከኤርሲዶ ጋር በሁለቱም ቋንቋ እንጨዋወት ነበር። ቢስክሌቷን አዲስ አበባ መርካቶ ሲገዛ ሻጩ የእሽቅድምድም ናት፣ ድሮ ኢጣሊያኖች ያመጧት ናት አለው። ፍሬኗስ ቢለው፣ «ፍሬኑ ያው እግርህ ነው፤ እግር የለህም እንዴ?» ብሎ ገንዘቡን ኪሱ ከተተ።

ሰውየው እንኳ አልዋሸም። የናንተ ቢስክሌት ቁልቁለት ስታገኝ እግራችሁን አሳርፋችሁ ትንሸራተታላችሁ። የኤርሲዶ ግን ፔዳሏ ከኋላ ጎማዋ ጋር በካቴናና በብየዳ የተቆራኘ ስለነበር፣ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ ይዞራል፣ ፔዳሉ እስከዞረ ድረስ የኤርሲዶ እግር ይዞራል። ለማቆም ፔዳሉን በእግር ኃይል መግታት ነው። ሜዳ ላይ ይሆናል። ቁልቁለት ላይ ግን ማን ማንን እንደሚነዳ አይታወቅም ነበር።

አንድ የመጋቢት ጠዋት ኤርሲዶ ከሚስዮኑ ግቢ በታች ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ፣ አቶ ሀንዲሶ በበቅሎ ወደ ላይ ይመጣሉ። አቶ ሀንዲሶን ልንገራችሁ፤ ከከተማው ወጣ ባለው በሌሞ አገር የታወቁ ባለብዙ እንሰት፣ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ፣ ሲያስነጥሱ እንኳ ሰው ቆሞ የሚጠብቃቸው ሰው ናቸው። ከበቅሏቸው ኋላ ልጃቸው አስቴር መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዛ ትከተላለች። አስቴር ደግሞ ኤርሲዶ በሆዱ ይዟት ሁለት ዓመት የከረመ ልጅ ናት። እንግዲህ በዓለም ላይ ካሉት ሽማግሌዎች ሁሉ ኤርሲዶ ወርዶ እጅ ሊነሳው የሚገባ አንድ ሽማግሌ ቢኖር እኒህ ነበሩ። ኤርሲዶ አልወረደም። በፊታቸው እንደ ወፍ አለፈ፤ በቅሎዋ ደንብራ እንሰት ውስጥ ገባች።

«ሰላምታውን ለውሻ አጥንት እንደሚወረወር ወርውሮልኝ ሄደ፤» አሉ አቶ ሀንዲሶ በኋላ።

ይህን ያሉት ለእኛው ነው። ኤርሲዶ በግንቦት ሽማግሌ ሲልክ፣ ሁለት አዛውንቶችና እኔ ነበርን የሄድነው። እኔ የተጨመርኩት የተማረ ሰው ይኑርበት ተብሎ ነው። ቢስክሌቷ ፍሬን እንደሌላት፣ ፔዳሏም ከጎማዋ ጋር እንደተበየደ የተማረ ሰው እንደሚገባው አድርጌ ዘርዝሬ አስረዳሁ። አቶ ሀንዲሶ በትዕግሥት ሰሙኝና፣ «የማይቆም ነገር ላይ ለምን ወጣ?» አሉ። ቀጥለውም «ለእኔ ያልቆመ ለልጄ ይቆማል?» አሉ። ደጅ መመላለሳችንን ስላላቆምን በሦስተኛው ጊዜ ልባቸው ጥቂት ራራ፤ ወደፊት መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ወርዶ እንደ ሰው ሰላም ካለኝ ያን ጊዜ እንነጋገራለን፣ ካለፈኝ ግን ደጄን እንዳትረግጡ ብለው ሸኙን።

ከዚያማ ኤርሲዶ አቶ ሀንዲሶን ሜዳ ላይ ለማግኘት የማይዞርበት ቦታ አልነበረም። ክረምቱ ገባና ሰውየው ከቤት መውጣት ተዉ።

በዚህ መሀል ሐምሌ ፲፮ ደረሰ፣ የጃንሆይ የልደት በዓል። ሌላ ጊዜ ፈረስ ነበር የሚሮጠው። የዚያን ዓመት ግን የአውራጃ ግዛቱ ዋና ጸሐፊ አሥመራ ደርሶ የቢስክሌት እሽቅድምድም አይቶ ስለመጣ፣ ሥልጣኔ እኛም ጋ ይግባ አለ። አሥመራ አስፋልት አለ፤ እኛ ጋ ጭቃ አለ፤ ይህን ለዋና ጸሐፊው ለመንገር የደፈረ አልተገኘም። የሆሳዕናን የሐምሌ ጭቃ የማታውቁ ካላችሁ፣ ጫማ ተበድሮ የማይመልስ ጭቃ ነው። መንገዱ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ተነሥቶ ወንዙን ይሻገራል፤ ድልድይ ስለሌለ ቢስክሌቱን በትከሻ ተሸክሞ ነው። ከዚያ በእንሰቱ መሀል ዳገቱን መግፋት ነው፤ በስተመጨረሻ ረጅሙን ቁልቁለት ወርዶ ገበያው ሜዳ ላይ አውራጃ ገዢው የተቀመጡበት ዳስ ፊት መድረስ። ሽልማቱ ምን መሰላችሁ? አንድ ነጋዴ የሰጠው አዲስ ቢስክሌት፣ ከነሁለት ፍሬኑ።

ኤርሲዶ ሁለት ፍሬን የሚለውን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። እሷን ካገኘ ቁልቁለት አለ የለ፣ ለሽማግሌው ሁሉ ዕድሜ ልኩን ሲወርድ ሊኖር ነው።

እኔ ባንዲራ ይዤ የመጨረሻው ቁልቁለት አጋማሽ ላይ እንድቆም ታዘዝኩ። ውድድሩ ሊጀመር ሲል አቶ ሀንዲሶ ከሌሞ በኩል በእግራቸው መጡ፤ መንገዱ በቅሎ የሚያንሸራትት ነበርና። አስቴር ጃንጥላ ይዛላቸዋለች። በዳስ ውስጥ የተዘጋጀላቸውን ቦታ ትተው ከእኔ አጠገብ፣ መንገዱ ዳር፣ ቆሙ። ለምን እዚያ እንደቆሙ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

ውድድሩ ተጀመረ። ወንዙ ላይ ሁሉም ቢስክሌቱን ተሸክሞ ገባ፤ ሲወጡ ግን ጭቃው ሥራውን ጀመረ። ስድስቱ ቢስክሌቶች ፍሬናቸውና ጎማቸው መሀል ጭቃ እየተጠቀጠቀ ጎማው አልዞር አለ። ባለቤቶቻቸው በየመቶ እርምጃው እየወረዱ በእንጨት ሲጎረጉሩ፣ ኤርሲዶ የሚጎረጎር ነገር ስለሌለው ገፍቶ ሄደ። የሌለ ነገር አይበላሽም። ዳገቱ ጫፍ ላይ ብቅ ሲል ከኋላው አንድም ሰው አልነበረም፤ ሕዝቡ በእልልታ አገሩን ቀወጠው።

ቁልቁለቱን ጀመረ። መሀል ላይ ሲደርስ አቶ ሀንዲሶን አያቸው። እኔም ሲያያቸው አየሁት። በኋላ እንደነገረኝ በዚያች ቅጽበት ያሰበው ይህን ነው፦ ዛሬን ብቻ ልለፋቸው፤ ቢስክሌቷን አሸንፌ ልውሰድና ነገ ደጃቸው ድረስ ሄጄ፣ ሁለቱንም ፍሬን ይዤ፣ ወርጄ፣ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ። መጥፎ ሐሳብ አልነበረም። አንገቱን ደፍቶ ፔዳሉን አጠበቀ።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የሱሪውን ጫፍ ያሰረባት ሲባጎ ወንዙ ውስጥ ቀርታ ኖሮ፣ የሱሪው እግር ከካቴናው ገባ። ሌላ ቢስክሌት ቢሆን እግር ያርፋል፣ ሱሪ ይቀደዳል፣ ያበቃል። የኤርሲዶ ግን ጎማው ሲዞር ካቴናው ሱሪውን መብላቱን ቀጠለ፤ ከጉልበቱ በታች ሲደርስ ቢስክሌቷ ሽቅብ ተነሣችና ወረወረችው። በሆዱ ጭቃው ላይ ተንሸራቶ፣ ተንሸራቶ፣ ከአቶ ሀንዲሶ ቦት ጫማ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆመ።

ቀና ሲል ፊታቸውን አየ። ሰው ከልጅነቱ የለመደው ነገር ከሐሳቡ ይቀድማል፤ ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት እጁ እጃቸውን ያዘና «እንደምን ዋሉ አባቴ?» አለ።

አቶ ሀንዲሶ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ሰላምታውን መለሱ፣ እንደ ወጉ። እናትህ ደኅና ናት? ላሞቹስ? እንሰቱን አጠውልግ በሽታ አልነካውም? ጎረቤቶቻችሁስ? ኤርሲዶ እያንዳንዱን ይመልሳል፤ ሽማግሌ ሲጠይቅ ትቶ መሄድ የለማ። በሁለተኛዋ ላም ላይ እያሉ ከተወዳዳሪዎቹ ልብስ ሰፊው አለፈ። እንሰቱ ላይ ሲደርሱ የስፖርት አስተማሪው አለፈ። ጎረቤቶቹ ሲጠየቁ ወፍራሙ የግምጃ ቤት ጸሐፊ ቢስክሌቱን እየገፋ፣ እያለከለከ፣ አለፈ። ሽልማቱን ልብስ ሰፊው ወሰደው፤ ፍሬን ላለው ፍሬን ተጨመረለት።

«ፍሬን የላትም ስትሉኝ አልነበረም?» አሉኝ አቶ ሀንዲሶ ወደ እኔ ዞረው። «ሰው ከፈለገ ይቆማል።»

እኔ ከካቴናው የተረፈውን ሱሪ እያላቀቅኩ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። በሳምንቱ አቶ ሀንዲሶ ልጄን ሰጥቻለሁ የሚል መልእክት ላኩ። በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ፣ በሕዝብ ፊት ዋንጫውን ትቶ ለሽማግሌ የወረደው ወጣት በቤተ ክርስቲያን ተሰበከበት። ዋንጫ እንኳ አልነበረም፤ ቢሆንም ስብከቱ ያምር ነበር።

ነገሩ አለቀ ብዬ ሳበቃ አስቴር ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ አስጠራችኝ። «መምህር፣ ይንገሩት፤ እኔ አልፈልግም፤» አለች።

ምነው ብላት፣ «አባቴን ሲያዩ የሚወርዱ ሰዎች ቤታችን ሞልተዋል። ወንድሞቼ አሉ። እስካሁን የጠየቁኝ ሦስቱም እንደዚያው ናቸው። አንድ ያልወረደ ሰው ነበር፤ እሱም ወረደ፤» አለችኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር ፈቃዷን ሳይጠይቅ አያጋባም፤ እምቢ ካለች አለቀ። ለኤርሲዶ ስነግረው ጭቃው ላይ ከወደቀው በላይ ወደቀ። በማግስቱ ሁለታችን ሄደን ሰንበት ትምህርት የምታስተምርበት ክፍል በር ላይ አገኘናት። ኤርሲዶ ብዙ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ያለው ግን ሁለት ቃል ነው። «አልወረድኩም። ወደቅሁ።»

አስቴር አላመነችም። ሊያልፋቸው ቆርጦ እንደነበር ነገራት። ምስክሩን ሱሪ ከቦርሳው አውጥቶ ዘረጋላት። አንዱ እግር እስከ ጉልበት የለም። አየችው፤ አየችኝ፤ ከዚያ የበሩን መቃን ይዛ እስኪያማት ሳቀች።

«በመጋቢትስ? ያን ጊዜ?» አለችው ዓይኗን እየጠረገች።

ኤርሲዶ ወደ እኔ ሰረቅ አድርጎ ተመለከተ። ኮሌታውን አስተካከለ። «ያን ጊዜማ፣» አለ፣ «አለፍኳቸው።»

ማለፉ እውነት ነው። ተጋቡ። ለአባትየው የሐምሌውን እውነት አልነገረም፤ ለልጅቱ ደግሞ የመጋቢቱን። እኔ ደግሞ ሁለቱንም ይዤ የሚዜነት ቦታዬ ላይ ቆምኩ። መቼም ሠርግ ሁሉ የሚቆመው አንድ ሰው ዝም ስላለ ሳይሆን አይቀርም።

ዓመታት አለፉ። አቶ ሀንዲሶም አረፉ። ኤርሲዶና አስቴር ሆመቾ ከተማ ሲኖሩ ልጠይቃቸው ሄድኩና፣ ኤርሲዶ አያታቸውን የማይፈራ ሰው እንደነበረ ለልጆቹ ሲያወራ ደረስኩ። በቅሎዋ ትደነብራለች፣ አያት ይቆጣሉ፣ እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተዋል። መሀል ላይ በሽተኛ መጣ ተብሎ ወደ ውጭ ወጣ። እኔም እርጅና ነው መሰለኝ ምላሴ ከዳኝ፤ አስቴርን ወደ ጓዳ ተከትዬ ያን ቀን እኮ ፍሬን ስላልነበራት ነው አልኳት።

ቆጮ እየቆረጠች ነበር። ቀና አላለችም። «ጋሼ፣ እኔ'ኮ ከበቅሎዋ ኋላ ነበርኩ። አባቴ ጆሯቸው ከበድ ይል ነበር። ሲያልፈን 'እናቴ! እናቴ ድረሺልኝ!' እያለ ነበር።»

«ታዲያ እያወቅሽ?»

«እየፈራም ቢሆን ያለፈ እሱ ብቻ ነው፤» አለች። «ደግሞስ ወንድ ልጅ ቤቱ ሲገባ የሚኮራበት አንድ ነገር ቢኖረው እኔ ምን ጎደለብኝ?»

ኤርሲዶ እጁን እየጠረገ ተመለሰ። ልጆቹ መሀል ተቀመጠና፣ «የት ላይ ነበርኩ?» አለ።

«ቁልቁለቱ ላይ፤» አለችው አስቴር ከጓዳ።

ቀጠለ።