እሳት ስለሚተፋው የሮማነወርቅ ሽጉጥ

ቀን፦ ቅዳሜ ኦገስት 12 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.
ቦታ፦ ሜልተን፣ የጋሼ መኮንን ጋራዥ። ብርዱ ከባድ ቢሆንም ባሩድ ስላለበት ማሞቂያ ማብራት ክልክል ነው። አባላት ካፖርታቸውን እንደለበሱ ተቀምጠዋል።
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00። የተጀመረበት፦ 9፡20።

የተገኙ
1. አቶ አምኃ፣ የዒላማ ተኳሾች ማኅበራችን ሰብሳቢ
2. ጋሼ መኮንን፣ የቤቱ ባለቤት፤ የአባላትን ባዶ ቀለህ በባሩድ እየሞሉ ጥይት የሚሠሩልን
3. አቶ ሪድዋን፣ ከትሩጋኒና ሰፈር የመጡ፤ ስለ ባሩድ ያነበቡ ብቸኛ አባል
4. ወ/ሮ ሮማነወርቅ፣ የነገው ፍጻሜ ተወዳዳሪ
5. ይድነቃቸው፣ ባልተገኘበት ስብሰባ የተመረጠ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ወ/ት ኒስሪን። ሺፍት ላይ ስለሆኑ «የተስማማችሁበትን እስማማለሁ» የሚል ቴክስት ልከዋል። ድምፃቸው እንደ አስፈላጊነቱ ተቆጥሯል።

ከስድስት አባላት አምስቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ ለአጭር አፈሙዝ ሽጉጥ ባሩድ ስለመምረጥ

ሰብሳቢው እንዳስረዱት ባለፈው ቅዳሜ ወ/ሮ ሮማነወርቅ በልምምድ ላይ ሲተኩሱ ከሽጉጣቸው የወጣው እሳት አጠገባቸው የነበረውን ተኳሽ ኮፍያ አስጥሎታል። የሜዳው ዳኛ ተኩስ አስቁሞ፣ ይህን ጥይት ነገ ይዘው ከመጡ ከውድድሩ እንደሚያስወጣቸው ነግሯቸዋል። ወ/ሮ ሮማነወርቅ ለዚህ ፍጻሜ ሁለት ዓመት እንደለፉ፣ የጥይት ሱቁም ዛሬ እኩለ ቀን ላይ እንደተዘጋ ገልጸዋል።

አቶ ሪድዋን አሁን የምንጠቀምበት ባሩድ በዝግታ የሚነድ መሆኑን፣ የሽጉጡ አፈሙዝ ደግሞ አጭር ስለሆነ ባሩዱ ነድዶ ሳይጨርስ ውጭ እንደሚወጣና እሳቱም ከዚያ እንደሚመጣ አስረድተው፣ ቶሎ የሚነድ ባሩድ እንዲመረጥ ሐሳብ አቅርበዋል። አንድ ጣሳም ይዘው መጥተዋል። ሐሳቡ ተደግፏል።

ጋሼ መኮንንም በጣም ተደስተው «በሉ እንግዲህ እኔው ጥግብ አድርጌ እሞላዋለሁ» ብለዋል። በዚህ ጊዜ አቶ ሪድዋን ጣሳውን ወደ ካፖርታቸው መልሰው የራሳቸውን ሐሳብ በመቃወም ድምፅ ሰጥተዋል። ምክንያቱን ሲጠየቁ ፈጣን ባሩድ ቸርነት እንደማይወድ ብቻ ተናግረዋል። ሌላ ማብራሪያ አልሰጡም።

ከረጅም ውይይት በኋላ የድሮው ባሩድ እንዲቀጥል ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ እሳቱን ስለመቋቋም

አቶ አምኃ ችግሩ የአፈሙዙ ማጠር ከሆነ ወ/ሮ ሮማነወርቅ ክንዳቸውን ከወትሮው በበለጠ ቢዘረጉ ይካካሳል ብለዋል። ወ/ሮ ሮማነወርቅ ክንዳቸው ተዘርግቶ ያለቀ መሆኑን ገልጸው ተቃውመዋል። ሐሳቡ በአራት ድምፅ አልፏል፤ ከአራቱ አንዱ የወ/ት ኒስሪን ነው።

ቀጥሎም አፈሙዙ ለነገው ውድድር ሲባል እንደረዘመ እንዲቆጠር ሐሳብ ቀርቦ፣ በምን ያህል የሚለው አርባ ደቂቃ አከራክሮ፣ «በበቂ ሁኔታ» ተብሎ ጸድቋል። ጸሐፊው ይህን የጻፈው ታዝዞ ነው።

አጀንዳ 3፦ ድንገት የተነሣ ጉዳይ

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ከተሞሉት ጥይቶች አንዱን ፈትተው ባሩዱን ሚዛን ላይ አፍስሰዋል። የጥይት አሞላል መመሪያው መጽሐፍ ከሚፈቅደው እጅግ በልጦ ተገኝቷል። ማንም አልተናገረም። ሰብሳቢው ዝምታው በቃለ ጉባኤው እንዳይገባ አዝዘው ነበር፤ ገብቷል።

አቶ አምኃ ሚዛኑን ብርድ ሳይመታው እንዳልቀረ በመግለጽ ሚዛኑ ተጠርጣሪ እንዲሆን አስወስነዋል።

ጸሐፊው ያፈረው እዚህ ላይ ነው። ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጋሼ መኮንን በመጽሐፉ ልክ ከመዘኑ በኋላ ሁልጊዜ በማንኪያ ጫፍ «ትንሽ፣ በሞቴ» እያሉ ይጨምራሉ። ዓመት ሙሉ አይተን ዝም ያልነው ሰውዬውን ላለማስቀየም ነው፤ በዚያ ዝምታ ላይ ፈጣን ባሩድ ቢጨመር ሽጉጡ ፈንድቶ የሴትዮዋ እጅ ሊሄድ ይችል ነበር።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ባሩዱ አይደለም፣ እጅዎ ነው» ብለዋል።

ጋሼ መኮንን ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ ከቤታቸው የሰው ቀለህ ጎድሎ ወጥቶ እንደማያውቅ፣ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሰው ደጃቸውን የሚረግጠው ለጥይት ብቻ እንደሆነ፣ ለመጣ ሰው ቆንጥሮ መስጠት እንደማይሆንላቸው ተናግረዋል። ሥራው ይወሰድባቸው እንደሆነም ጠይቀዋል።

ወ/ሮ ሮማነወርቅ ሲመልሱ «በሞቴ የሚባለው እኮ ለእንግዳ ነው። እኔ እዚህ ቤት እንግዳ ነኝ እንዴ? ለቤት ልጅ በልኩ ነው የሚሰጠው» ብለዋል።

ጋሼ መኮንንም «እሱስ ልክ ነሽ፤ የቤት ልጅ ነሽ» ብለው መነጽራቸውን ጠርገው ሚዛኑን ወደ ራሳቸው ስበዋል። አቶ ሪድዋን ጣሳውን ከካፖርታቸው አውጥተዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ከላይ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የድሮው ባሩድ ተሰናብቶ ፈጣኑ ተመርጧል። የወ/ሮ ሮማነወርቅ ክንድና የሽጉጡ አፈሙዝ ወደ ቀድሞ ርዝመታቸው ተመልሰዋል። ሚዛኑ ነጻ ወጥቷል። እስከ ዛሬ የተሞሉት ጥይቶች በሙሉ ተፈትተው ባሩዳቸው እንዲወገድ፣ አዲሶቹን ራሳቸው ጋሼ መኮንን በመጽሐፉ ልክ እንዲሞሉ ታዟል። ወ/ት ኒስሪን ተስማምተዋል።

ስብሰባው ከምሽቱ 12፡35 ተዘግቷል። ለነገ የታዘዘው መቶ ጥይት ሲሆን ጋሼ መኮንን ያስረከቡት መቶ አንድ ነው። ትርፏ «ለመንገድ» ተብላለች። ጸሐፊው መዝኗታል፤ ልክ ናት።