ለጥላ ሲሉ የቀሩት ኢንጂነር

«ነበር ባይሰበር» የሚባል ሰው የሌለበት ሰፈር አለ ቢሉኝ አላምንም። ዶክተር ሊሆን ነበር፣ ፓይለት ሊሆን ነበር፤ አሁን ግን አጠገባችሁ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ለእኛ ለዋድ መደኒ ከተማ ሰዎች የደረሱን፣ ክቡር ኢንጂነር ሊሆኑ የነበሩት ኡስታዝ ሙዘሚል ናቸው። በሥራቸው የቋንቋ አስተማሪ፣ በጸጸታቸው ኢንጂነር።

ታሪኩን የሰፈሩ ፍየል ሳይቀር ያውቀዋል። ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ ሳይንስ ወይም ሥነ ጽሑፍ ምረጡ ተባለ። የሳይንሶቹ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ የሥነ ጽሑፎቹ መስኮት ላይ ደግሞ ትልቅ የኒም ዛፍ ተንሠራፍቷል። በመደኒ ሙቀት ጎረምሳው ሙዘሚል ምን ያድርግ? ዘው ብሎ ጥላው ውስጥ ገባ። ያው እስከ ዛሬ አልወጣም።

«ለጥላ ብዬ! ወላሂ ለአንዲት ጥላ ብዬ ዕድሜዬን ሸጥኩት!» ይላሉ። መብራት ሲጠፋ፣ የሰው ጎማ ሲተነፍስ፣ ግድግዳ ሲሰነጠቅ «ሳይንስ ተምሬ ቢሆን ኖሮ...» ብለው ይጀምራሉ።

ማለቱስ ባልከፋ፤ ክፋቱ መፍቻ መያዛቸው ነው። ጎረቤታችን ሐጃ በቱል የውሃ ማራገቢያቸው፣ ያ በረጠበ ገለባ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋው ሣጥን፣ ነፋሱ ደከመብኝ ቢሉ «እኔ እያለሁ!» አሉ ኡስታዝ። ነካክተው ሲጨርሱ ነፋሱን ትቶ ውሃውን ይረጭ ጀመር። የሐጃን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ጀላቢያቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ዕቃ የተበላሸበት ሰው እንደ ሌባ በጓሮ ነው የሚያወጣው።

አፋቸውን ሲከፍቱ ግን ሌላ ሰው ናቸው። እኛ ዘንድ ኩርፊያ ሲበረታ አስታራቂዎች ተሰብስበው ቤት ድረስ ይሄዳሉ፤ የተለመነው ሰው እሺ እስኪል የቀረበላቸውን ውሃ አይቀምሱም። ቃል አቅራቢው ሁሌም ኡስታዝ ናቸው። በአጥር የተኳረፉ ወንድማማቾችን ስለ እናታቸው ጡት ተናግረው አላቅሰው አስታርቀዋል። «ወሬ ነው እቴ፤ ወሬ ድልድይ አይሠራም» ይላሉ እሳቸው።

ዘንድሮ የመምረጡ ተራ የኡስታዝ ልጅ የተስኒም ሆነ።

«ሥነ ጽሑፍ ልገባ ነው አባዬ።»

«እኔ ቆሜ እያለሁ? ሳይንስ ትገቢያለሽ፣ አለቀ!»

«ሳይንስ አልወድም እኮ።»

«እኔስ ጥላውን ወድጄው አልነበር? የት አደረሰኝ?»

ልጅቷ እህል አልቀምስም አለች። ምዝገባው ሊዘጋ ነው። እናቷ ኢቅባል ጨነቃትና ሰፈሩን ሰበሰበች።

ሄድን። ውሃ ቀረበ፤ ማንም አልነካውም። ችግሩ፣ ቃል አቅራቢያችን ዛሬ ተለማኙ ራሳቸው ናቸው። በእሳቸው ፈንታ የሰፈሩ ሽማግሌ ሐጅ ሱሩር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ ኡስታዝ... ልጅ ማለት... ልጅ ልጅ ነው።» ጺማቸውን አሻሹ። «ግመልም ቢሆን... አይ፣ ግመሉን እንተወው።»

ኡስታዝ ተቁነጠነጡ። «እንዴ ሐጅ! ልመና እንዲህ ነው እንዴ? መጀመሪያ ተለማኙን ያከብራሉ እንጂ!»

«እሺ፤ አንተ ክቡር ነህ።»

«ኧረ በአላህ! ዞር ይበሉልኝ!» ብለው ተነሡና መጥተው ከእኛ ወገን ቆሙ። ባዶ ወንበራቸውን እያዩ ጀመሩ።

«አንተ የተከበርክ አባት! ጸጸትህን ለልጅህ አታውርስ። አንተ ሙቀት ሸሽተህ ገባህ፤ እሷ ወዳ ነው የምትገባው። አንተን ማንም አልከለከለህም፤ እሷን ልትከለክላት ነው? ደግሞስ...» አንድ እርምጃ ወደ ወንበሩ ቀረቡ። «ደግሞስ እዚያ ጥላ ሥር ባትቀመጥ ኖሮ፣ ያን ሁሉ የተኳረፈ ሰው በምን አፍህ ታስታርቅ ነበር?»

ሐጃ በቱል በተከናነቡት ቶብ ጫፍ እንባቸውን ጠረጉ። ተስኒም በሩ ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ኡስታዝ ቀስ ብለው ሄደው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ጥሩ ለመነኝ ሰውዬው። ውሃውን ጠጡ።»

ጠጣን። አሁንም «ሳይንስ ተምሬ ቢሆን ኖሮ» ማለታቸውን አልተዉም፤ መጨረሻው ግን «ምን ይውጣችሁ ነበር?» ሆኗል። መፍቻውንም አልጣሉም። ትናንት የእኔ ማራገቢያ ሲደክም በጓሮ ላወጣው ተነሣሁና ልቤ እምቢ አለኝ፤ ሄጄ ኡስታዝን ጠራኋቸው። መወልወያ ግን አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር።