አግዳሚው ይነሳ

[የባቡር ጣቢያ አዳራሽ፣ ጠዋት። ወጣቱ ኢንጂነር የአዲሱን ጣቢያ ንድፍ አሮጌው የእንጨት አግዳሚ ላይ ዘርግቷል። ሰው ሁሉ "አባባ" የሚላቸው የጣቢያው ጠራጊ በአንድ እጃቸው መጥረጊያ፣ በሌላው የብሎን መፍቻ ይዘው አጎንብሰው ያያሉ።]

አባባ፦ ቆይ ቆይ፣ መልስልኝ እንጂ! ይሄ ሻንጣ የያዘው ሰውዬ ወዴት ነው የሚሄደው?

ኢንጂነሩ፦ [ንድፉን ያያል] እ... እኔ እንጃ። ሕንፃው ምን እንደሚያህል ለማሳየት ብቻ ነው የሳልኩት።

አባባ፦ ቲኬትስ አለው?

ኢንጂነሩ፦ አባባ፣ ወረቀት እኮ ነው!

አባባ፦ ወረቀትም ቢሆን ያለ ቲኬት አያልፍም። ደንብ ነው።

ኢንጂነሩ፦ እሺ፣ አለው! አሁን አግዳሚውን ይንቀሉልኝ። ኮሚቴው በሦስት ሰዓቱ ባቡር ይመጣል። ዛሬ ካላጸደቁልኝ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሦስት ሌሊት ዓይኔን አልከደንኩም።

አባባ፦ እንዴት ልንቀለው? ንድፍህ ተጋድሞበታል።

ኢንጂነሩ፦ [እየጠቀለለ] ይኸው!

አባባ፦ ታዲያ ሰው የት ይቀመጣል?

ኢንጂነሩ፦ አይቀመጥም! ጣቢያ የከተማ በር ነው። በር ይታለፍበታል እንጂ ይቀመጡበታል? ሰው እንደ ወንዝ እንዲፈስ ነው የነደፍኩት።

አባባ፦ ወንዝ ሻንጣ ይይዛል?

ኢንጂነሩ፦ ምሳሌ ነው፣ አባባ።

አባባ፦ የሰኞዋ ሴትዮስ? የታመመ ልጇን ታቅፋ ሐኪም ቤት የምትመላለሰዋ? እሷም ትፍሰስ?

ኢንጂነሩ፦ ባቡር በሰዓቱ ከመጣ ማን ይጠብቃል? መቀመጫ ካለ ደግሞ ሰው ይተኛበታል። ጣቢያ የሚተኛ ሰው መንገደኛ አይደለም፤ ቦዘኔ ነው። "ለተቀመጠ ሰው ሰማይ ቅርቡ ነው" ሲባል አልሰሙም?

አባባ፦ ሰምቻለሁ። ለቆመ ሰው ደግሞ ባቡር ሩቁ ነው።

[ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፦ የሦስት ሰዓቱ ባቡር ዘጠኝ ሰዓት ይገባል።]

ኢንጂነሩ፦ ስድስት ሰዓት ሙሉ?!

አባባ፦ በል እንግዲህ፣ ፍሰስ።

[አራት ሰዓት። ኢንጂነሩ ምሰሶ ተደግፏል።]

አባባ፦ ይሄ ምሰሶ አዲሱ ንድፍ ላይ አለ?

ኢንጂነሩ፦ [ደንግጦ ቀጥ ይላል] አልተደገፍኩም! እየለካሁት ነው።

[አምስት ሰዓት ተኩል። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።]

ኢንጂነሩ፦ ጫማዬን ላስር ነው።

አባባ፦ ጫማህ ማሰሪያ የለውም።

ኢንጂነሩ፦ ይንቀሉት አላልኩዎትም?

አባባ፦ አንተ ተቀምጠህበት? ነውር ነው፣ ልጄ። ብድግ በልና ልንቀለው።

ኢንጂነሩ፦ [ጋደም እያለ] ከ... ከዚያኛው ጫፍ ይጀምሩ... በእግሬ በኩል...

አባባ፦ እሺ። [መፍቻውን ኪሳቸው ይከታሉ። ኮታቸውን አውልቀው ደረቱ ላይ ጣል ያደርጉለታል።]

[ዘጠኝ ሰዓት። ኮሚቴው ይገባል፤ መንገዱን ሁሉ ቆሞ ስለመጣ እግሩ ዝሏል። አባባ ጣታቸውን አፋቸው ላይ ያደርጋሉ።]

አባባ፦ እሽሽ! ቀስ በሉ እንጂ! ንድፉ? ንድፉማ አለ፤ ይኸው ተንተርሶታል። አዲሱ ጣቢያ መቀመጫ የለውም፤ ልጁ እስኪነሳ ትንሽ ፈሰስ በሉ።

[የኮሚቴው ሰብሳቢ አልፈሰሱም። በኢንጂነሩ እግር በኩል በቀረችው ክፍት ቦታ ዘፍ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ "ይሄ አግዳሚ እንዳይነካ!" ይላሉ። ከዚያ የተኛውን በአገጫቸው ያሳያሉ።]

አባባ፦ እሱማ መንገደኛ ነው፣ ጌታዬ፤ ቦዘኔ እንዳይመስልዎት። ወዴት እንደሚሄድ ጠዋት ጠይቄ ነበር፤ የሚያውቅ ጠፋ። ግድ የለም፣ ይተኛ። ከሦስት ሌሊት በኋላ ዛሬ ነው ገና እንቅልፍ የወሰደው።