መሪጌታ የተቆለፈባቸው ቀን

እንደ አዲስ ቅኔ ተማሪ አደገኛ ፍጡር የለም! ጎረቤታችሁ ቅኔ ከጀመረ ቤት ቀይሩ።

እኔ ጴንጤ ቤት ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። ለእኔ ግጥም ወይ መዝሙር ነው፣ ወይ ኃጢአት፤ መሃል ብሎ ነገር የለም! አስኮ አንድ ግቢ የምንጋራቸው መሪጌታ ላቀው ደግሞ ጎጃም ቅኔ ሲያስተምሩ የሸበቱ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ናቸው። ይህንን አቋሜን በኩራት ብነግራቸው፣

«አምላክ በነቢያት አፍ በግጥም ሲናገር ፓስተርህን አስፈቅዶ ነው?» አሉኝ።

በማግስቱ ተማሪያቸው ሆንኩ።

«ቅኔ ላዩ ሰም፣ ውስጡ ወርቅ ነው» ብለው ጀመሩልኝ። ምነው ባልነገሩኝ! ከዚያ ወዲህ ወርቅ የማልቆፍርበት ንግግር ጠፋ። የታክሲ ረዳት «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ሲል፣ «ወደ ማን እንጠጋ?» እያልኩ እንባዬ ይመጣል። ሚስቴ «ሽንኩርት አልቋል» ብትለኝ፣

«የእንባችን ዘመን አበቃ ማለትሽ ነው?»

«ገበያ ሂድ ማለቴ ነው!»

ባለፈው ቅዳሜ መሪጌታ ደወሉ።

«ልጄ፣ በሩ ተቆለፈብኝ!»

ልቤ ዘለለ። ደብተሬን መዘዝኩ። «ይድገሙልኝ የኔታ!»

«ተቆልፎብኛል እኮ! ክፈትልኝ!»

በር... ክርስቶስ። የተቆለፈው... የሰው ልብ! «ድንቅ ነው! ቀጣዩስ ስንኝ?»

«ኧረ በረደኝ!»

‘የፍቅር መቀዝቀዝ’ ብዬ ጻፍኩ።

«ባኞ ቤት ነኝ አንተ!»

«ጥምቀት! ሃሌሉያ!» ብዬ ጮህኩ። ስልኩ ተዘጋ።

ሚስቴ ከኋላዬ ሆና ደብተሬን አነበበች። «አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌው ባኞ ቤት ተቆልፎባቸዋል እኮ!»

ሮጥኩ። ቁልፉን በመዶሻ ሰብሬ ስገባ፣ መሪጌታ በፎጣ ተጠቅልለው የባኞው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ይንቀጠቀጣሉ። ጋቢዬን አለበስኳቸው። ወድቀው ቢሆንስ ኖሮ? እኔ ስንኝ ስቆጥር የሰው ነፍስ ልታልፍ! ጉልበታቸው ላይ ተደፋሁ።

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ...»

«ወርቁን ስትቆፍር» አሉ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ «ሰሙን አልሰማኸውም!»

ሰሙን... አልሰማኸውም... ወይ ጉድ! ይቅርታዬን ትቼ ብድግ አልኩና አጨበጨብኩ።

«እንዴት ያለ ቅኔ ነው የኔታ!»

«ቅኔ አይደለም» አሉኝ ጋቢዬን ወደ አንገታቸው እየሳቡ። «ስድብ ነው!»