ሽማግሌ ልኬ አልጋ ላይ ተያዝኩ

ዛሬ የሆንኩትን ሰምታችሁ ፔጁን አንፎሎው ብታደርጉ አልቀየምም። እኔ ራሴ ብችል ራሴን አንፎሎው አደርግ ነበር!

እሺ፣ ከመጀመሪያው ልነሳ።

እንደምታውቁት (ማምለጫ የላችሁም፣ በቀን ሦስቴ እለጥፍባችሁ ነበር) ሰባ ቀን ሙሉ በሚኒባሴ አገር ሳካልል ከርሜ ባለፈው ሳምንት ኮሰበር ገብቻለሁ። ካርታው እንጅባራ የሚላት፣ እኛ ኮሰበር የምንላት ከተማዬ። ሚኒባስ ስል እንዳትንቁኝ፤ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ተዘርግቶበታል። ካምፐር ቫን! ቦረና፣ ኦሞ፣ ባሌ፣ አስፋልት የሚባል ነገር ያልደረሰበት መንገድ ሁሉ።

ባዮዬ ላይ "ኦቨርላንደር" ይላል። አማርኛው "ሥራ ፈት" ነው።

ዛሬ ጠዋት "ጉዞው ያስተማረኝ ጥልቅ እውነቶች" የሚል ረጅም ፖስት ጨርሼ ነበር።

አጠፋሁት!

እውነቱን ልንገራችሁ? ከሰባው ቀን ግማሹን ያሳለፍኩት መለዋወጫ ስጠብቅ ነው። ያ "ነፍሴ አረፈች" ያልኩበት የኦሞ የፀሐይ መውጫ ቪዲዮ አራት ጊዜ ተቀርጿል፤ ያያችሁት አራተኛውን ነው፤ እሱም ስትጠልቅ ነው። ከጭቃ ጎትተው ያወጡኝ ገበሬዎች ለቁጥር ይታክታሉ። አንዳቸውንም አላያችሁም፤ ኤዲት ሳደርግ ቆርጬ ጣልኳቸው። "ብቻዬን ተወጣሁት" ብዬ ለጠፍኩ። እናንተም "ጀግና!" አላችሁኝ። ለእናንተም አዘንኩ።

"ቤት ማለት ግድግዳ አይደለም፣ መንገድ ነው" ያልኩትንስ? ሼር ስታደርጉት የከረማችሁት? ሆዴን ቆርጦኝ ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ስሯሯጥ የጻፍኩት ነው!

አሁን ወደ ዛሬው ጉድ።

እናትነሽ የምትባል ልጅ አለች። አታውቋትም፤ ቪዲዮ ላይ መውጣት አትወድም። ዳንግላ መምህርት ናት። ከተዋወቅን አራት ዓመት ሆነን። በጉዞው ሁሉ ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር ደውዬ "ስመለስ ሽማግሌ እልካለሁ" እላታለሁ። እሷ ደግሞ "እስቲ መጀመሪያ ተመለስ" ትለኛለች። ይህችን ልጅ ከከለከሉኝ አለቀልኝ። ይህን ያለ ቀልድ ነው የምላችሁ።

ዛሬ ሽማግሌ ላክሁ።

ሦስት ናቸው፤ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ፣ የሰፈራችን መምሬ፣ አንድ ጎረቤታችን። ሽማግሌ በጠዋት ነው የሚሄደው። እኔ ግን "ብርሃኑ ለቀረጻ አይመችም" ብዬ እስከ ከሰዓት አቆየኋቸው! ከዚያ ሦስቱንም ከነነጭ ጋቢያቸው አልጋዬ ላይ ደርድሬ ወደ ዳንግላ ነዳሁ። መንገዱ አስፋልት ነው። እንደዚያም ሆኖ መምሬ ሲያማትቡ ደረስን።

አያ ታከለ አንዲት ነገር ብቻ አስጠነቀቁኝ።

"ስማ! አድርሰኸን መኪናውን አቁምና ጥፋ። ጠያቂው ልጅ በሽማግሌ ኋላ አይንጠለጠልም። ነውር ነው።"

"እሺ አያ" አልኩ።

ጠፋሁ? የት አባቴ! ላይቭ መግባት አማረኝ። የእናትነሽ አባት ደጅ ላይ እንዳቆምኩ መጋረጃውን ዘጋሁ፣ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ፣ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ሳብኩ፣ ከዚያ በሹክሹክታ "ወዳጆቼ፣ የሕይወቴ ትልቁ ጉዞ አሁን ተጀመረ..."

ስጽፈው ራሱ አቅለሸለሸኝ።

ሌላም ጥፋት አለ። ይህ መኪና የእኔ ከመሆኑ በፊት የመስመር ሚኒባስ ነበር። ጎኑ ላይ በትልቁ "ዳንግላ – ኮሰበር" የሚል ጽሑፍ አለው። አላስጠፋሁትም። "ቪንቴጅ ነው" ብዬ! ቦረና ላይ ጽሑፉን ከቁም ነገር የቆጠረው ሰው የለም። ዳንግላ ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ወደ መናኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር ሲቆምስ?

በሩ ሲንሸራተት ሰማሁ።

"ኮሰበር ነው?"

ምን ልበል? ድምፄ ግቢ ድረስ ይሰማል። ጠያቂው ልጅ ደጅ ላይ ተደብቋል ከተባለ ሽማግሌዎቹ ተዋረዱ ማለት ነው። ብርድ ልብሱን እስከ ዓይኔ ሳብኩት።

"ተጽፎበት የለም እንዴ! ግቡ፣ ግቡ!" አለ ሌላ ድምፅ።

ገቡ! አንዲት እናት የድንች ጆንያቸውን እየጎተቱ ገቡ። አንድ ሰውዬ ምድጃዬ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሴቶች ከነዶሯቸው ወለሉ ላይ ተመቻቹ። "ጠጋ በሉ! ጠጋ በሉ!" ይባላል። እኔ ከመጋረጃው ወዲህ ትንፋሼን ውጬ ተኝቻለሁ፤ ስልኩ ደረቴ ላይ ነው፤ ላይቩም አልተቋረጠም።

"ረዳቱ የት ሄደ?"

"ሾፌሩስ መች አለ! ምሳ ላይ ይሆናል። እነሱ መች ይጠግባሉ!"

ባለ ድንቿ እናት በአገሬው ቋንቋ በአውንጊ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፤ መኪናው በሳቅ ፈነዳ። በሄድኩበት ሁሉ የሰው ቋንቋ ሰላምታ እየሸመደድኩ ቪዲዮ የሠራሁ ሰው፣ የገዛ አያቴን ቋንቋ ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። የሰማሁት ግማሽ ስለ ሰነፍ ሾፌር ነበር።

ቤት ውስጥ የሆነውን ደግሞ አያ ታከለ በኋላ እየተቆጡ ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ በወጉ ቆመው "ልጅዎን ለልጃችን" ብለዋል። የእናትነሽ አባት ጋሼ ምትኩ ፈረስ የሚያረቡ፣ ነገር ማዞር የማይወዱ ሰው ናቸው። ጠየቁ።

"ልጁ ሥራው ምንድን ነው?"

አያ ታከለ አሰቡ፣ አሰቡ። እንዳይዋሹ መምሬ አጠገባቸው ቆመዋል።

"ይዞራል" አሉ።

ይዞራል! አጎቴ ናቸው እንግዲህ!

"ቤትስ አለው?"

አያ ታከለ እዚህ ላይ በራላቸው። "እንዴታ! ቤቱን ይዞት ነው የመጣው። ደጅዎ ቆሟል።"

ጋሼ ምትኩ ከዘራቸውን አነሱ። "እንግዲያው እንየዋ!"

የግቢው በር ሲከፈት ሰማሁ። መጀመሪያ ጎማውን በከዘራ መታ መታ አደረጉ። ከዚያ መኪናውን ዙሪያውን እየዞሩ፣ ጎንበስ ቀና እያሉ፣ ፈረስ ሊገዛ እንደመጣ ሰው መረመሩት። በመጨረሻ በሩ ጋ ደረሱ።

ቤቴ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ነበር። ዶሮዎቹን ሳንቆጥር!

"እናንተ እነማን ናችሁ?"

"ኮሰበር ነን" አለ ምድጃዬ ላይ የተቀመጠው። "ሾፌሩ እርስዎ ነዎት?"

ጋሼ ምትኩ ወደ መጋረጃው ጠጋ አሉ። በከዘራቸው ጫፍ መጋረጃውን ገለጡት።

እኔ ነኝ። ከነብርድ ልብሴ። አንዱ እግሬ ካልሲ የለውም።

ምን አልኩ መሰላችሁ? "እንደምን ዋሉ ጋሼ" አልኩ። ተጋድሜ!

"ታሟል እንዴ?" አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው።

"ስንለየው ደህና ነበር" አሉ አያ ታከለ። አጎቴ እንዲህ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

እናትነሽ ጫጫታውን ሰምታ ወጣች። በእንዲህ ያለ ቀን ሴቷ ልጅ ደጅ አትወጣም፤ ጋሼ ምትኩ ግን "ነይ፣ ቤት አለኝ ካለሽ ቤቱን እይለት" አሏት። መኪናውን ያሠራሁት ባሕር ዳር ስለሆነ ከቪዲዮ በቀር በዓይኗ አይታው አታውቅም።

ሰዎቹን አየች። እኔን አየች። አልሳቀችም። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወደ ፊት ሄዳ የጋቢናውን የቀኝ በር ከፈተች።

እዚያ ወንበር የለም። ለባትሪውና ለካሜራው ሳጥን ቦታ ሲጠበኝ አስነቅዬዋለሁ።

ቆማ አየችውና ዞረች።

"እኔ የት ነው የምቀመጠው?"

ቀላል ጥያቄ ነው። "አስገጥማለሁ" ብል ይበቃል። "ይቅርታ" ብል ይበቃል። ሰባ ቀን በካሜራ ፊት ሲለፈልፍ የከረመው አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው?

"አልጋው ላይ!"

በአባቷ ፊት! በመምሬ ፊት! በዘጠኝ መንገደኛ ፊት! በላይቭ!

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መልሼ ልውጠው ብፈልግም አልሆነም።

ጋሼ ምትኩ አልጮኹም። ለሽማግሌዎቹ "ዘመድ እንጠይቅና እንልክባችኋለን" አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ "ሰዎቹን አድርሳቸው፤ ገበያ ውለው ደክመዋል" አሉኝ። አያ ታከለ "ሁለተኛ በዚህ አልጋ አልሄድም!" ብለው ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትለው በጋሪ ወደ መናኸሪያ ነጎዱ። እናትነሽ ወደ ግቢ ስትገባ ዞራ አላየችኝም። የ"ዘመድ እንጠይቅ" ትርጉም ብዙ ነው፤ የእሷ አገባብ ግን አንድ ትርጉም ብቻ ነበረው።

ዘጠኙን ሰው ጭኜ ወደ ኮሰበር ነዳሁ። የቀኙን መስታወት ለማየት አንገቴን ባዞርኩ ቁጥር ያ ሳጥን ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ሰባ ቀን ሙሉ በዚያ በኩል ስመለከት ከርሜያለሁ! ተራራውን አየሁ፣ ግመሉን አየሁ፣ ገደሉን አየሁ። አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ፣ "እዚህ ጋ ሰው ጎድሏል" አላልኩም። አፍሬያለሁ፤ ከሳቃችሁ በላይ የሚያመኝም ይኸው ነው።

እንደደረስኩ ባሕር ዳር ጋራዡ ጋ ደወልኩ። "ያን የነቀላችሁትን ወንበር ፈልጉልኝ፤ ዛሬውኑ እመጣለሁ" አልኩት።

መካኒኩ መልሶ ጠየቀኝ።

"የቱን? ያኔ 'ጣሉት፣ ማን ሊቀመጥበት!' ያልከንን?"

እስቲ ፍረዱ፤ እናንተ ብትሆኑ ለእንዲህ ያለ ሰው ልጃችሁን ትሰጣላችሁ?