ግራው ተኝቷል

እግዜር ገበያን ሲፈጥር በገዢና በሻጭ ብቻ አልተወውም፤ ሞካሪ የሚባል ሦስተኛ ፍጥረት ጨመረበት። ሞካሪ ማር ቢሆን ይልሳል፣ በርበሬ ቢሆን ያሸታል፣ በሬ ቢሆን ጥርሱን አይቶ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይሄዳል። ሰቆጣ ላይ የሞባይል ዕቃ ለምትሸጠው ለባንቺ የደረሳት ሞካሪ ግን ለጠላትም አይስጥ የሚባለው ነበር።

ክቡርነታቸው ግራ ጌታ ኪዳኑ ይባላሉ። በማኅሌት ካህናቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሲቆሙ የግራውን ረድፍ የሚመሩ እሳቸው ናቸው፤ የቀኙ ረድፍ ዜማውን ሲጨርስ ከአፉ ተቀብለው ያነሣሉ። በገበያ ቀን ደግሞ የባንቺን ሱቅ ይመራሉ።

መቋሚያቸውን ከደጃፉ አስደግፈው በርጩማው ላይ ይሰየማሉ። «እስቲ ያንን ጥቁሩን ኤርፎን አምጪው፣ ልጄ። ከጎኑ ያለውንም። ቀዩንም አትርሺ።» ስልካቸው ውስጥ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የደብሩ ማኅሌት። ኤርፎን ሁሉ የሚዳኘው በዚያ ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙና ይፈርዳሉ፦ «ይሄ ጸናጽሉን ቆርቆሮ አደረገው።» ሌላውን ይሰካሉ፦ «ይሄ የከበሮውን ሆድ ቀደደው።» ደግሞ ሌላ፦ «ይሄስ ካህናቱን ጉድጓድ ውስጥ ከቶ ነው የሚያዘምራቸው!» መጨረሻ ላይ ያችን የማትቀረውን ይሏታል፦ «ከሁሉም ከሁሉም፣ ግራው ተኝቷል።»

ይህም አልበቃ። «የሰው ጆሮ እንደ መልኩ ነው፤ ፋብሪካ የኔን ጆሮ የት ያውቀዋል?» ይሉና ከጧፍ የተረፈ ሰም በጣታቸው እያለሰለሱ የኤርፎኑን ጫፍ በጆሯቸው ልክ ይሠሩታል። ከሄዱ በኋላ ባንቺ ሰሙን በመርፌ ስትፈቀፍቅ ትውላለች። ምን ታድርግ? ካህን ናቸው፤ ውጡ አይባሉ ነገር።

የሳቸው ፍርድ ደግሞ ይጋባል። ባጃጅ ነጂው መንግሥቴ አንዱን መርጦ ሊከፍል ኪሱን ሲዳብስ፣ ግራ ጌታ ከተቀመጡበት «ግራው ተኝቷል» ብለው ጣል አደረጉለት። መንግሥቴ መልሶ ሰካው፤ ግንባሩን ቋጠረ። «እውነታቸውን እኮ ነው! ቀነስ ይላል!» ከዚያ ወዲህ የከተማው ግማሽ ሰው ግራው ተኛበት። ባንቺ ዕቃውን ወልድያ ላለው አከፋፋይ መልሳ ላከች። ሌላ መጣ፤ እሱም ተኛ። አከፋፋዩ በስልክ «እናንተ አገር የሰው ጆሮ ምን ነክቶታል?» ብሎ ጮኸባት። እንዲህ ከቀጠለ ሱቁን መዝጋቷ ነው።

«በሚካኤል! ዛሬስ በሰው ፊት ነው የማዋርዳቸው» ብላ ማለች። ገበያው ሲደራ አዲስ ኤርፎን ከማሸጊያው አወጣች። መጀመሪያ ራሷ ሞከረችው፤ ቀኙም ግራውም እኩል ይጮኻል። ግራ ጌታ ሰሙን ለጠፉ፣ ሰኩ፣ ጨፈኑ። «ግራው ተኝቷል።»

«እንግዲያው አገላብጠው ይሰኩት» አለች ባንቺ፣ ሰው እንዲሰማላት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የግራውን በቀኝ ጆሮዎ፣ የቀኙን በግራ። ጥፋቱ የዕቃው ከሆነ አሁን የሚተኛው በቀኝ ጆሮዎ በኩል ነው። ካልሆነ ግን ሰው ይፍረደን!»

ሰው ከበበ። ግራ ጌታ አገላብጠው ሰኩት። ቆዩ።

«አሁንስ የቱ ተኛ፣ ግራ ጌታ?» አለ መንግሥቴ እየሳቀ።

ግራ ጌታ እንደ ሰው በሌላ ነገር ዋሽተው ይሆናል፤ በድምፅ ግን ዋሽተው አያውቁም። እጃቸው ወደ ግራ ጆሯቸው ሄዶ ሰሙን ጠበቅ ጠበቅ አደረገ፤ ጥፋቱ የሰሙ ይመስል። ያን ጊዜ ለባንቺ ገባት። በጦርነቱ ከባድ መሣሪያ ወድቆ የቤታቸውን ግድግዳ የጣለው እሳቸው ውስጥ ሳሉ ነበር። ሰሞኑን በደብሩ የሚንሾካሾከውም ትዝ አላት፤ «ግራ ጌታ ተራቸውን ማሳለፍ ጀምረዋል፤ የኅዳር ሚካኤልን ማኅሌት ከጎናቸው የሚቆመው ደሴ ይምራ» ይባላል። ለካ ሰውየው ከሱቋ ሲፈልጉ የከረሙት ጆሯቸውን ነው።

እሷው ነች ሰው የሰበሰበችባቸው! ገመዱን ላፍ አድርጋ ሳበችው፤ ተበጠሰ። «ውይ! ለካ ገመዱ ነው! እውነትዎን ነው፣ ግራ ጌታ፤ ዕቃው የረባ አይደለም። ያመጣሁት ሁሉ እንዲሁ ነው» አለችና የተሰቀለውን ሁሉ ከሚስማሩ እያወረደች ካርቶን ውስጥ ከተተች። መንግሥቴ «አላልኳችሁም?» ብሎ ወደ ባጃጁ ሄደ፤ ሰውም ተበተነ።

ሁለቱ ብቻ ሲቀሩ ግራ ጌታ ቀና አሉ። «ልጄ፣ ገመዱን የበጠስሽው አንቺ ነሽ።»

ባንቺ ካርቶኑን በእግሯ ወደ ውስጥ ገፋ አደረገች።

«እኔም ከጠረጠርሁ ቆየሁ። ዕቃው በሆነ ብዬ ነው። ዕቃ ይለወጣል» አሉና መቋሚያቸውን አንሥተው ሄዱ።

የኅዳር ሚካኤልን ደሴ መራ። ቦታውን የለቀቁለት ራሳቸው ግራ ጌታ ናቸው፤ ሰው ሁሉ በቀኛቸው እንዲሆን ከረድፉ ጫፍ ሄደው ቆሙ። ባንቺ ከሴቶቹ መሀል ሆና አየቻቸው፤ ከንፈራቸው ከሌላው ዘግየት ብሎ ነበር የሚንቀሳቀሰው። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን አልመጡም። ካርቶኑ ውስጥ የገባው ተመልሶ ተሰቀለ፣ ሰውም ይገዛ ጀመር፤ ማንም ምንም አልተኛበትም። ባንቺ እልል ማለት ሲገባት ያ ባዶ በርጩማ አንገበገባት። ሰው ያቃጠለውን ሰው እንዲህ ይናፍቃል እንዴ? ይናፍቃል።

አዲስ ዕቃ የገባ ዕለት ሱቋን ዘግታ አንዱን ኤርፎን ይዛ ቤታቸው ድረስ ወረደች። «እርስዎ ሳይፈርዱ አልሰቅልም።»

«በምን ጆሮዬ፣ ልጄ? ግማሽ ዳኛ ይፈርዳል?»

«ግማሹን እኔ እሆናለኋ!»

ደጃፉ ላይ በቀኛቸው ተቀመጠች። ግራ ጌታ ሰም አለስልሰው ቀኙን በራሳቸው ጆሮ ልክ፣ ግራውን በሷ ጆሮ ልክ ሠሩት፤ አንድ ገመድ ለሁለት ሰኩ። ማኅሌቱ ተነሣ። ባንቺ ዜማ አታውቅም። ከጸናጽሉና ከከበሮው በላይ ወጥቶ ዜማውን የሚቀበለውን ድምፅ ግን ወዲያው አወቀችው፤ ከጦርነቱ በፊት የተቀዳ፣ የራሳቸው የግራ ጌታ ድምፅ ነው። አንዲትም አያዛንፍም ነበር። እንባዋ መጣ።

«ንገሪኛ» አሉ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ። «ግራውስ?»

«ነቅቷል፣ ግራ ጌታ።»

ግራ ጌታ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረግ አደረጉ። «ጸናጽሉ ቆርቆሮ ነው» አሉ፤ «ግን ግድ የለም፣ ስቀይው።»